ተማሪው መረታትንም ይማር

የአንድ ሕዝብ የዕድገት ደረጃ ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱ አለመግባባቱን የሚፈታበት ዘዴ መሆኑ አይካድም። ይህ ዘዴ ግን በአዋጅ የሚተከል ወይም በስብሰባ ውሳኔ የሚጸድቅ አይደለም። ሰው ገና በልጅነቱ፣ ከእኩዮቹ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጦ፣ የሌላውን ቃል እስከ መጨረሻው መስማትን፣ የራሱን ሐሳብ በማስረጃ ማስረዳትን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተረትቶ በሰላም ወደ ቦታው መመለስን ካልተለማመደ፣ አድጎ የቀበሌ ተመራጭ፣ የሠራተኛ ማኅበር መሪ ወይም የመንግሥት ሹም በሚሆንበት ጊዜ ከየትም ሊያመጣው አይችልም። በመማሪያ ክፍል ውስጥ ሥርዓት ያለው ክርክር ይካሄድ የሚለውን ጉዳይ ዛሬ የምናነሣው ከዚህ ተነሥተን ነው።

ነገሩን በደፈናው እንዳንናገረው አንድ የታወቀ ሥፍራ ይዘን እንነሣ። ከጎንደር በስተሰሜን አምባ ጊዮርጊስን አልፎ ዳባት፣ ከዳባትም ቀጥሎ ደባርቅ ይገኛል። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ፣ በአንድ ወገን ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ታስገባለች፤ በሌላው ወገን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ አውርዳ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ ትሸኛለች። ገብስ አብቃዩ ገበሬ፣ በቅሎ አከራዩ፣ አስጎብኚው፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ፣ የቀን ሠራተኛውና የዩኒቨርሲቲው ተማሪ በአንድ ገበያ የሚተያዩባት ከተማ ናት። የጥቅም ልዩነት እዚህ ከመጽሐፍ የሚነበብ ነገር አይደለም፤ በየቀኑ በዐይን ይታያል።

በወገራና በሰሜን ደጋ የኖረ አንባቢ እንደሚያውቀው፣ በአንድ ክንድ የእርሻ ወሰን የተነሣ ጠብ ወደ ደም ይለወጣል፤ ደሙም ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል። ሽማግሌ ገብቶ ደሙን እስኪያደርቅ ድረስ ሁለት ቤተሰቦች በአንድ ገበያ አይውሉም፤ ልጆቻቸውም ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱበትን መንገድ ይለያያሉ። ከዚህም የከፋ ታይቷል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ደርሶ በጭና ተክለ ሃይማኖት ብዙ ሲቪል ሰዎች ተገድለዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች ደጃቸው ተዘግቶ ከርሟል። በዚህ ሁሉ መካከል ስለ ክፍል ክርክር ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ጥይት በተሰማበት አገር ሁሉ ከጥይቱ በፊት ያልተሰማ ቃል እንደነበረ እናስታውሳለን።

ክርክር ከባሕር ማዶ የመጣ ልማድ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። አያቶቻችን መንገድ ላይ ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው እግሩን ሰብስቦ ይቆም ነበር። ኩታና ኩታቸውን ቋጥረው፣ አላፊ መንገደኛውን ዳኛ አድርገው ዛፍ ሥር ያስቀምጡታል። ዋስ ይጠራሉ። ከዚያም በተራ ተነሥተው፣ በትራቸውን ይዘው፣ እየተንጎራደዱ በላ ልበልሃ ይባባላሉ። በቃሉ የተማመነ ሰው ማር ወይም በቅሎ ይወራረድበታል። ዛሬ ተራ ንትርክ ማለት ሆኖ የቀረው «እሰጥ አገባ» የሚለው ቃል የዚያ የውርርድ ሥርዓት ቋንቋ ነበር፤ ቃል ሲወርድ ነገሩ ራሱ እንደ ወረደ ማወቅ ይቻላል። በችሎት ፍርድ ሲሰጥ ደግሞ ሐሳብ የሚጀመረው ከታናሹ ነው፤ የታላቁ ቃል መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ታናሹ ታላቁን ሰምቶ አፉን እንዳይዝ። ይህን አንድ ልማድ ብቻ ወደ ክፍላችንና ወደ ስብሰባችን ብንመልሰው ብዙ ነገር በተለወጠ ነበር።

ይህን ስንል የድሮውን ሥርዓት ማመጻደቃችን እንዳልሆነ ሊሠመርበት ይገባል። ገባሩ ከጌታው ጋር እኩል ቆሞ የሚሟገትበት ሜዳ አልነበረም። ምላሱ የተባ ነገረ ፈጅ ማቆም የሚችለው ባለጸጋው ነበር። ከሁሉም በላይ «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ተብሎ የሙግቱ ወሰን አስቀድሞ ተከልሏል። ቢሆንም አንድ ነገር ነበረው፤ ልጆች ከበው ያዩት ነበር። አባታቸው ተረትቶ፣ ዕዳውን ከፍሎ፣ ከረቺው ጋር ወደ አንድ መንደር ሲመለስ ያዩ ነበር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግና የ1958 ዓ.ም. የሥነ ሥርዓት ሕግ ዳኝነቱን ወደ ጽሑፍና ወደ ጽሕፈት ቤት አዛወሩት። ለፍርድ ጥራት ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ዛፉ ሥር የነበረው የልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋ በምትኩ ሌላ አልተከፈተም።

የቤተ ክህነቱም ትምህርት ከዚህ የራቀ አልነበረም። በጎንደር የመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት መምህሩ አንዱን ትርጉም ከሰጠ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላውን ያስከትላል፤ ሦስተኛውንም እንዲሁ። የኋለኛው የፊተኛውን አያጠፋውም፤ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የአንዱን ቃል ሁለት ፊት እያየ ያደገ ደቀ መዝሙር የነበረበት አገር ልጆች ዛሬ አንድ መልስ ብቻ እየሸመደዱ ማደጋቸው የሚያሳዝን ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን በመሠረቱ የአንድ ሰው ድምፅ የሚሰማበት ቤት ሆኖ ቆይቷል። መምህሩ ይናገራል፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ ፈተናው የተገለበጠውን መልሶ ይጠይቃል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ይህን ጠባይ ወደ ፍጹምነት አደረሰው ብንል ማጋነን አይሆንም፤ እጅ ቢያወጡለት የማያይ፣ ቢጠይቁት የማይሰማ መምህር ነበርና። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑም ክርክር የቋንቋ መልመጃ ተደርጎ ተቆጥሯል። ልጁ ሐሳቡን ከመፈለግ ይልቅ ግሡን ሲፈልግ ደቂቃው ያልቅበታል።

ከዚያ በፊትስ? ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሠራተኛ ሁሉ የክርክር ክበቡን ያስታውሳል። ከዕውቀትና ከሀብት የቱ ይበልጣል? ከብዕርና ከጠመንጃ? ከከተማና ከገጠር? ሁለት ቡድን ፊት ለፊት ይቆማል፣ የተሸመደደ ንግግር ይወርዳል፣ አዳራሹ ይስቃል፣ ያጨበጭባል፣ ብዙ የተጨበጨበለት ይረታል። ደስ የሚል ከሰዓት በኋላ እንደነበር አንክድም። ነገር ግን በዚያ መድረክ ላይ ማንም ምንም አላጣም፤ ማንም ሐሳቡን አልለወጠም። ዕውቀት ቢረታ ሀብታሙ አይደኸይም፣ ሀብት ቢረታ ትምህርት ቤቱ አይዘጋ።

ትልልቆቹ ክርክሮቻችን ደግሞ በተቃራኒው ሁሉም ነገር የሚታጣባቸው ሆነው አለፉ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ቦሩ ሜዳ ላይ የሰበሰቡት የሃይማኖት ጉባኤ ሊቃውንትን ፊት ለፊት አቁሞ አከራክሯል፤ የሚረታው ወገን ግን በዙፋኑ አስቀድሞ የታወቀ ነበር፤ ለተረታውም ከመታዘዝ ወይም ከመቀጣት በቀር ሌላ ቦታ አልተተወለትም። በ1968 ዓ.ም. በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አብዮታዊ መድረክ» በተባለው ዓምድ የኢሕአፓና የመኢሶን ደጋፊዎች ስለ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥትና ስለ ሂሳዊ ድጋፍ በብዕር ተሟገቱ። ሠራተኛው በሻይ ቤት፣ ተማሪው በግቢ ጋዜጣውን እየተቀባበለ ያነበበው ነበር። ክርክሩ በደረጃው ከፍተኛ፣ በቋንቋውም የበሰለ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ግን ተከራካሪዎቹ በጥይት መፈላለግ ጀመሩ፤ ከዚያም መንግሥት ራሱ ቀይ ሽብርን አወጀ፤ የነዋሪው መገልገያ ይሆናሉ የተባሉት የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች ማሰሪያና መመርመሪያ ሆኑ። ጎንደርም ስንት ልጆቿን እንዳጣች እናቶች ያውቃሉ። በዚያው ዘመን በየፋብሪካውና በየቀበሌው የተቋቋመው የውይይት ክበብ መደምደሚያው አስቀድሞ ተጽፎ የሚመጣ ስለነበረ ሂስና ግለ ሂስ የሚባለውም ሰውን ማሸማቀቂያ ሆኖ ቀረ። በ1997 ዓ.ም. ከግንቦቱ ምርጫ በፊት ሕዝቡ በየቴሌቪዥኑ ፊት ተሰብስቦ የተከታተለው የፓርቲዎች ክርክር ዳግመኛ ተስፋ ሰጠ፤ በውጤቱ ላይ የተነሣው ውዝግብ ግን የ193 ሲቪል ዜጎችን ሕይወት ቀጥፎ አለፈ።

ከእነዚህ ሁሉ የምንወስደው ትምህርት አንደበተ ርቱዕ ሰው ጎድሎን አያውቅም የሚል ነው። የጎደለን ተረትቶ የሚቀመጥ፣ ረትቶም የተረታውን የማያሳድድ ሰው ነው። ስለዚህ ክፍል ውስጥ የሚደረገው ክርክር ተናጋሪ ለማፍራት ከሆነ ቢቀር ይሻላል፤ ተናጋሪ ሞልቷል።

እንግዲህ ወደ ደባርቅ እንመለስ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቋመ፤ በ1970 ዓ.ም. ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች አንዱ ሆነ። በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ በፓርኩ መካከል በግጭ መንደር ይኖሩ የነበሩ ከ400 በላይ አባወራዎች ካሳና የከተማ ቦታ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ወረዱ። በዛሬው የደባርቅ ክፍል ውስጥ የእነዚህ ሰዎች ልጆች አሉ። በዚያው ወንበር ላይ የአስጎብኚው፣ የበቅሎ አከራዩና የፓርኩ ጠባቂ ልጆችም አሉ። ለክርክር የሚሆን ርዕስ ፍለጋ እስከ ብዕርና ጠመንጃ ድረስ መሄድ ለምን ያስፈልጋል? «የግጭ ሰዎች መነሣታቸው ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ለጥያቄው በሁለቱም ወገን የሚባል እውነት አለ። ዋልያ በዓለም ላይ ከዚህ ተራራ በቀር ሌላ መኖሪያ የለውም፤ ቁጥሩም ጥቂት መቶ ነው። በቀጥ ያለ ገደል አፋፍ ላይ የታረሰ የገብስ ማሳ አፈሩ በየክረምቱ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ በጓሳው ላይ ከብት ሲበዛ ለዱር እንስሳው የሚተርፍ የለም። እንግዳ ካልመጣ በቅሎ አከራዩም ምግብ አብሳዩም ሥራ ይፈታሉ። በሌላው ወገን ደግሞ የግጭ ገበሬ ፓርኩ ሳይታወጅ በፊት በዚያ ነበረ። ከአያቱ የወረሰውን መሬትና የጸለየበትን መስጊድ ትቶ፣ ገብስ ማብቀል እንጂ መነገድ ሳይለምድ፣ የካሳ ገንዘብ ይዞ ከተማ መሐል ሲቀመጥ ገንዘቡ ስንት ዓመት ይቆያል? በፈቃዱ ተነሣ ሲባል ፈቃዱ ምን ያህል ፈቃድ ነበር? ከጎብኚው የሚገኘው ገቢ ለማን ደረሰ? በ1971 ዓ.ም. ገደማ ከተራራው ሰሜናዊ ግርጌ በኃይል የተነሡት መንደሮች ታሪክስ ከዚህ ጋር እንዴት ይታያል?

አሁን ወገኑ በዕጣ ይውጣ እንላለን። በዓለም አቀፉ የዩኒቨርሲቲዎች የክርክር ውድድር ላይ እንኳ ተከራካሪው የሚቆምበትን ወገን የሚያገኘው በዕጣ ነው፤ ለዝግጅትም 15 ደቂቃ ብቻ ይሰጠዋል። ለእኛ ተማሪ አንድ ሳምንት እንስጠው፤ ማስረጃ ይሰብስብበት። የበቅሎ አከራዩ ልጅ የግጭን ገበሬ ወገን ቢያገኝ ከግጭ የመጡትን አዛውንት ሄዶ ይጠይቃል፤ ምናልባት በዚያው ሰፈር እየኖረ ደጃቸውን ረግጦ አያውቅም ይሆናል። የፓርኩን ወገን ያገኘችው ልጅ ደግሞ ወደ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሄዳ ስለ ዋልያው ቁጥር ትጠይቃለች። የራስን ጥቅም ተቃራኒ ቆሞ ማስረዳት ሰውን ውሸታም ያደርጋል የሚሉ አሉ። እኛ አይመስለንም፤ ሁሉም በዕጣ እንደቆመ እያወቀ የሚታለል ማንም የለምና። ነገር ግን ከግጭ የወረደ ቤተሰብ ልጅ ቁስሉ ገና ትኩስ ከሆነ ዕጣው እንዳይደርሰው ማድረግ የመምህሩ ማስተዋል ነው። ሥርዓት ሰውን ለመጥቀም እንጂ ሰውን ለመፈተን አልተሠራም።

አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። በየወገኑ ሦስት ተናጋሪ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ቢሰጥ 18 ደቂቃ ይሆናል። የተቀረው ለጥያቄ፣ ለዳኞችና ለመዝጊያው ይበቃል። መልስ የሚሰጠው ሰው በቅድሚያ የተቃዋሚውን ሐሳብ በራሱ ቃል ይድገም፤ ባለሐሳቡ «አዎ፣ ይህን ነው ያልሁት» ካላለ መልስ መስጠት አይፈቀድለት። ይህች አንዲት ሕግ ብቻዋን ግማሹን ጠብ ታስቀራለች ብለን እናምናለን። ዳኞቹ ሦስት ይሁኑ፤ አንድ ተማሪ፣ አንድ ከቀበሌው ነዋሪ፣ አንድ መምህር፤ ፍርዳቸውንም ከታናሹ ጀምረው ይስጡ። በሊማሊሞ ላይ መኪና ሲያወጣና ሲያወርድ የኖረ ሹፌር ወይም ቁጭ ብሎ ሲፈትል የዋለ ሸማኔ ነገር መመዘን አይችልም የሚል ካለ ሠራተኛውን አያውቀውም። ነጥብ ለማስረጃ እንጂ ለአንደበት አይብዛ። ከፍርዱ በኋላ የተረታው ተነሥቶ ከረቺው ወገን የትኛው ቃል እንደነካው ይናገር፤ ረቺውም ሊመልሰው ያልቻለውን የተረቺውን ነጥብ ይናገር። ከዚያ ወደ ወንበራቸው ይመለሱ። በስልሳ ተማሪ ክፍል ስድስት ልጅ ብቻ ሲናገር የተቀሩት 54ቱ ምን ይሥሩ ለሚለው፣ ሐሳባቸው የት ላይ እንደተነቃነቀ ግማሽ ገጽ ይጻፉ። ካልተነቃነቀም ለምን እንዳልሆነ።

ቋንቋው በመጀመሪያ አማርኛ ይሁን። ልጁ ሙግትን በአፍ መፍቻው ከለመደ እንግሊዝኛው ይደርሳል። በዚህ ላይ ከእኛ ጋር የማይስማሙ መምህራን እንዳሉ እናውቃለን።

ስለ ሴት ተማሪዎች ዝም ማለት አንችልም። በገጠሩ ድምፅዋን ከፍ ያደረገች ልጅ ባለጌ ትባላለች፤ ያለዕድሜዋ ስትዳርም የሚጠይቃት የለም፤ የቤተሰብ ሕጉ 18 ዓመት ቢልም። በየወገኑ ካሉት ሦስት ተናጋሪዎች ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን፤ የመጨረሻውን ቃልም በተራ ታግኝ። የመጨረሻ ተናጋሪ መሆን የተባለውን ሁሉ ሰምቶ መመዘንን ይጠይቃልና፣ ሲናገሩ እየሰማች ላደገች ልጅ የሚያንሳት አይሆንም።

መምህሩ ይፈራል። ይህን በግልጽ እንነጋገር። በክፍሉ የተባለው ነገር ምሽቱን በመንደሩ ይወራል፤ አንዱ ወላጅ ልጄን አሰደቡት ይላል፤ ሌላው መምህሩን የዚህ ወገን የዚያ ወገን ይለዋል። ስለዚህ የሰው ማንነትና እምነት ለሙግት አይቅረብ፤ ቦሩ ሜዳ አንድ ጊዜ ይበቃል። መንገድ፣ ውኃ፣ ግጦሽ፣ ደን፣ ካሳ፣ የገበያ ቦታ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ለመሳሰሉት ግን መምህሩ ብቻውን መቆም የለበትም። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት ርዕሱን አስቀድሞ ይወቀው፤ የቀበሌው ነዋሪም መጥቶ ከኋላ ይቀመጥ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የምንል አባቶች አንድ ጊዜ መጥተን ብንሰማ አይጎዳንም። እንደውም ከተሰብሳቢዎቹ መካከል በራሱ የቀበሌ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ የማያውቅ ሰው አይጠፋም።

ይህ ዓምድ የበኩሉን ለማድረግ ዝግጁ ነው። ከደባርቅም ሆነ ከዳባት በክፍል ውስጥ ተከራክረው የጻፉትን ለሚልኩልን ተማሪዎች ለሁለቱም ወገን እኩል ቦታ እንሰጣለን፤ የተረታውንም ወገን ጽሑፍ አስቀድመን እናትማለን።